ካርታ የያዘ እጅ

«ካርታው ተቃጥሏል» አለች ሴትየዋ።

«ካርታውስ ተቃጠለ። ድምፁን በምን ላቃጥለው?» አለ ወንድየው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሌላ ነገር ነበረ። ንግግር ያልሆነ፣ ልቅሶም ያልሆነ፣ ቀጭን ድምፅ። ገሊላ ያንን ድምፅ ልታስታውሰው ብዙ ሞክራለች፤ አልሆነላትም። ያኔ ገና የወተት ጥርሷን የምትነቅል ልጅ ነበረች። ከቀትር እንቅልፏ ነቅታ፣ በሳሎኑና በመኝታ ቤቱ መካከል ካለው መጋረጃ ጀርባ ቆማ ነው የሰማችው። እናቷን ስትጠይቅ «ሕልም አይተሽ ነው» ተባለች። እሷም ሕልም ነው ብላ ተቀበለች። ልጅ ያልገባውን ነገር ሕልም ካሉት ያምናል።

ስታድግ ግን ለሕልሙ ፍቺ አበጀችለት። በአባቷ በሻምበል ሽፈራው ቤት ሁለት ነገር ክልክል ነው፤ የመጫወቻ ካርታና ፉጨት። እናቷ ወይዘሮ አበበች ሲቀልዱ፣ «ፉጨት ሰይጣንን ይጠራዋል፤ ካርታ ደግሞ ወንበር ይስብለታል» ይላሉ። ሻምበሉ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መድኃኔዓለም ተሳልመው የሚመለሱ፣ ዳዊታቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ነገሩ ለገሊላ ግልጽ ነበር። ካርታ ቁማር ነው፤ ቁማር ኃጢአት ነው፤ አባቷ ኃጢአትን ይጠላሉ። በቃ።

እግዚአብሔር ግን የሰውን ልብ ሲመራ መንገዱን አያማክርም። ገሊላ የወደደችው ሰው ካርታ ያስጨፍራል።

ሄኖክ ፈረስ መጋላ ገበያ ላይ ስልክ ይጠግናል። የገሊላ ስልክ ድምፅ አላወጣ ያለ ዕለት ነው የተያዩት። ማጣበቂያው እስኪደርቅ ጠብቂ አላትና ከመሳቢያው አንድ ደስታ ካርታ አወጣ። ከዚያ እጁ መናገር ጀመረ። ካርታው እንደ ማራገቢያ ተዘረጋ፣ ታጠፈ፣ በአየር ላይ ቀስት ሠርቶ ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው ፈሰሰ። ድምፁ ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በአንድ ጊዜ የሚነሱ ርግቦችን ይመስላል።

«ለቁማር ነው?» አለችው ደንግጣ።

«ለማንም አከፋፍዬ አላውቅም። እበውዛለሁ፣ እዘረጋለሁ፣ እሰበስባለሁ።» ቀና ብሎ አያት። «ከዚያ ደግሞ እንደገና።»

ስልኳ ከዳነ በኋላም ሌላ ነገር ይበላሽባት ጀመር፤ የስልኩ ክዳን፣ የጆሮ ማዳመጫው፣ መጨረሻ ላይ እንቅልፏ።

ወይዘሮ አበበች ነገሩን ለባላቸው ሲያነሱ ሻምበሉ ዳዊታቸውን አጠፉ። የሄኖክን እናት ለተማርያምን ያውቋቸዋል፤ ዩኒፎርማቸውን ያጠቡላቸው የነበሩ ሴት ናቸው።

«ድህነቱን አላነሣም» አሉ። «የለተማርያም ልጅ መሆኑም ለኔ ክብር ነው። ግን ካርታ የያዘ እጅ የልጄን እጅ አይይዝም።»

ያቺ ቃል በማግሥቱ ፈረስ መጋላ ደረሰች። ሄኖክ ሰማ። ካርታውን በመዳፉ መካከል አድርጎ እንደ ቀዘቀዘ ወፍ ጨብጦ ዋለ።

* * *

«አንድ ጊዜ ቢያዩኝ» አለ ሄኖክ። «አንድ ጊዜ ብቻ እጄን ቢያዩት ቁማር አለመሆኑ ይገባቸዋል።»

ቪዲዮውን የቀረጸው አብዱልፈታ ነው፤ የሱቅ ተጋሪውና የልጅነት ጓደኛው። በግንብ በተከበበው በጁገል ውስጥ አንድ አዲስ ኖራ የተቀባ ግድግዳ መርጠው፣ የጠዋት ፀሐይ አግድም ስትወድቅበት ቀረጹ። ፊት አይታይም፤ ሁለት እጆች፣ ካርታና ነጭ ግድግዳ ብቻ። የቀረው ማጀቢያ ሙዚቃ መምረጥ ነበር። እሱ ግን ሊያልቅ አልቻለም።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመዋል። ሁለቱም በባዶ ሆዳቸው አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረዋል።

«ወላሂ፣ እኔና አንተ ጉድ ነን» አለ አብዱልፈታ። «በረመዳን ሰይጣን ታስሯል ይባላል። እኛ ሁለት ጾመኞች ዘፈን እየመረጥን ሥራውን ሸፈንለት።»

«ዘፈን አይደለም፣ ማጀቢያ ነው።»

«ሻምበሉ ዘንድ ሄደህ ‹ማጀቢያ ነው› በላቸው፣ አቦ!»

መጀመሪያ ደረት የሚደልቅ የውጭ ሙዚቃ አደረጉበት። እጆቹ ወዲያው የኪስ አውላቂ እጆች መሰሉ። የሠርግ ከበሮ ሞከሩ፤ እጆቹ ሙሽራ ያመለጣቸው ይመስል ይጣደፉ ጀመር። መሰንቆ ሲሆን የሚለምኑ መሰሉ። ክራሩ ደግሞ ያለ ምክንያት አሳቃቸው።

«ያው እጅ እኮ ነው» አለ ሄኖክ ተስፋ ቆርጦ። «አንድም ነገር አልተቀየረም።»

እውነቱን ነበር። ዐይን አየሁ ይላል እንጂ የሚያምነው ጆሮ የነገረውን ነው። አንድን ሰው ዝም ብለህ ብታየው አንድ ሰው ነው፤ ከኋላው የምታሰማው ድምፅ ነው ሌባም፣ ለማኝም፣ ቅዱስም የሚያደርገው።

የመድኃኔዓለም የቅዳሴ ደወል ተሰማ። ሄኖክ ቀና ብሎ አዳመጠ፤ ከዚያም ስልኩ ውስጥ ሌላ ነገር መፈለግ ጀመረ። እናቱ ለተማርያም ታመው በተኙ ጊዜ ገሊላ የላከችለት የበገና ድምፅ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት ከተማረችው ሁሉ እጇ የሚደፍረው አንድ መዝሙር ነው። «ለእማማ አሰማልኝ» ብላ ልካለት ነበር። ከቪዲዮው ጋር ገጠመው።

እጆቹ ዝግ አሉ። አልዘገዩም፣ ዝግ አሉ እንጂ። ካርታው ሲዘረጋ እንደ ምሥጢር ተገለጠ፤ ሲታጠፍ እንደ ስግደት ወረደ። የሄኖክ ዐይን እንባ አቀረረ።

አብዱልፈታ ግን ከስልኩ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ምነው?» አለው ሄኖክ።

«እንጃ። የእናንተ ነገር ነው፤ እኔ አልገባም።» አንገቱን አከከ። «ግን እኔ ብሆን መንዙማ ከካርታ ሥር አላደርግም።»

ሄኖክ አልሰማውም። የወደደ ሰው የሚሰማው የወደዳትን ሰው ጣቶች ብቻ ነው። ቪዲዮውን ለገሊላ ላከላትና እንደ ሕፃን ደስ ብሎት መልሷን መጠበቅ ጀመረ።

* * *

ገሊላ ቪዲዮውን የከፈተችው ሐኪም ጋራ ወደሚባለው ኮረብታ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ቤታቸው፣ በረንዳው ላይ ነው። በገናው እንደ ጀመረ የሳሎኑ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማት።

«ማን ነው የሚደረድረው?» አሉ ሻምበሉ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«አንቺ?» ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ደስታ ገሊላ ወደፊትም የምትረሳው አይመስላትም። «ተባረኪ። እስኪ ከፍ አድርጊው።»

ከፍ አላደረገችውም። ማጥፋት ፈልጋ ነበር፤ ጣቷ ግን አልታዘዛትም። ሻምበሉ ዳዊታቸውን ያቆሙበት ገጽ ላይ ጣታቸውን እንደ ከተቱ መጥተው ከትከሻዋ በላይ ዘንበል አሉ። አዩ። በገናው ይደረደራል፤ ካርታው ይወርዳል።

አልጮሁም። ቢጮሁ በወደደች። ቀስ ብለው ቀና አሉና፣ «ይህንንም አደረገ?» አሉ። ከዚያ ገብተው በሩን ዘጉ።

ያን ዕለት ከሰዓት ገሊላ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ፈረስ መጋላ ደረሰች። አብዱልፈታ ፊቷን አይቶ፣ «የዐስር ሶላት ልስገድ» ብሎ ውልቅ አለ።

«እኔ ያንን የደረደርኩት ለእናትህ ነው» አለች። «እሳቸው እንዲድኑ እየለመንኩ ነው። አንተ ከካርታ ሥር አነጠፍከው? በጾም?»

«አላነጠፍኩትም ገሊላ። ካርታውን ነው ከሥሩ ያንበረከክሁት።»

ቃሉ ልቧን አገኘው። ስላገኛትም ይበልጥ ተናደደች።

«ይሄን ለኔ ትለኛለህ፤ እኔ ሳይነገረኝም ይገባኛል። ለአባዬስ? ድምፁን ሰምተው ‹ተባረኪ› ካሉኝ በኋላ ነው ያዩት። ምርቃቱ ከአፋቸው ሳይወርድ!»

ሄኖክ ስልኩን አነሣ። በፊቷ ቪዲዮውን አጠፋው፤ እጆቹንም፣ ግድግዳውንም፣ የጠዋት ፀሐዩንም። ካርታውን ወደ መሳቢያው መለሰና ቀና ብሎ ጠበቃት። አንድ ነገር እንድትለው፣ ቢያንስ እንድታየው።

እሷ አላየችውም። ካየችው ማልቀሷ ነው፤ ፈረስ መጋላ ደግሞ ለሚያለቅስ ሰው ቦታ የለውም፤ ባጃጁ፣ ሚዛኑ፣ ሰላምታው ይተላለፋል። ዞር ብላ ሄደች። ሄኖክ ግን ከዚያ ዝምታ ውስጥ ያልተባለ ነገር ሰማ። ቪዲዮው አይበቃም ማለቷ ነው ብሎ አሰበ። ካርታውንም፣ የካርታውንም እጅ አልፈልግም ማለቷ ነው። የሱቁ ጣሪያ ከወትሮው ዝቅ ያለ መሰለው።

* * *

በነጋታው ወይዘሮ አበበች ምስር እየለቀሙ ነበር። ገሊላ ከፊታቸው ቁጭ አለች። እጆቿ ይለቅማሉ፤ ዐይኖቿ ግን ሰፌዱን አያዩትም።

«እማዬ፣ ‹ድምፁን በምን ላቃጥለው› ያለው ማን ነው?»

የእናቷ ጣት ሰፌዱ ላይ ቆመ። ከጓሮ የሻምበሉ መጥረቢያ ይሰማል፤ የደረቀ ቅርንጫፍ እየቆረጡ ያቃጥላሉ።

«እስካሁን ትዝ ይልሻል?»

«ሕልም ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ምን ልበልሽ ታዲያ? ልጅ ነበርሽ።» ወይዘሮ አበበች ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉት። «አባትሽ ቁማር ተጫውቶ አያውቅም። ኤልሳዕ የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ ግንባር፣ አንድ ምሽግ ውስጥ። መድፉ ሲበረታ ወታደሮቹ እንዳይሸበሩ ብሎ ካርታ ያስጨፍርላቸው ነበር አሉ። እንደዚያ ልጅ፣ እንደ ሄኖክሽ። አባትሽ ሲመለስ ኤልሳዕ አብሮት አልመጣም። ካርታው ነው በኮቱ ኪስ የመጣው። ሣጥን ሥር ስንት ዘመን ተኛ። አንድ ቀን አወጣና ‹አቃጥይልኝ› አለኝ፤ አቃጠልኩለት።»

«እና ለምን ቁማር ነው ይላሉ?»

«ሰው፣ ልጄ፣ ኀዘኔ ነው ከሚል ኃጢአት ነው ማለት ይቀለዋል።»

ገሊላ ወደ ጓሮው አሻግራ አየች። አባቷን ዕድሜዋን ሙሉ ስታያቸው ኖራለች፤ ያየቻቸው ግን አሁን መሰላት። ያኔ የግቢው በር ተንኳኳ።

* * *

ሄኖክ ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ በእጁ አንድ ደስታ ካርታ ይዟል። ገሊላ ከማድ ቤቱ ደጃፍ አየችው። ልትጣራ ፈለገች፣ እናቷ ክንዷን ያዙ።

«ተይው» አሉ። «የወንድ ልጅ እግር ይዞት ከመጣ እዚህ አትመልሽውም።»

ሻምበሉ እሳቱ አጠገብ ቆመው ነበር።

«እንደምን ዋሉ ሻምበል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ተቀመጥ አላሉትም።

«በገናውን ከካርታ ጋር ማድረጌ ጥፋት ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።» ሄኖክ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ካርታዬንም አምጥቻለሁ። ከዛሬ ወዲያ አልነካውም። በእርስዎ እጅ ቢቃጠል እወዳለሁ፤ ነገ ሐሳቤን ለወጥኩ እንዳልል።»

በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ገሊላ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰጥ ያየችው በቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው።

ሻምበሉ ተቀበሉ። ወደ እሳቱ ዞሩ፤ ክንዳቸውን ዘረጉ። ካርታው አሮጌ ነው፣ ጠርዙ በጣት ብዛት ለስልሷል። አውራ ጣታቸው ሳያዙት በጠርዙ ላይ አለፈ።

ፍርርርር።

የሻምበሉ ክንድ እሳቱ ላይ እንደ ተዘረጋ ቀረ። እሳቱ ይነዳል፤ መዳፋቸው አልተከፈተም። ጭሱ ወደ ፊታቸው ዞረ፤ አሁንም ቆመዋል።

«አንዴ አስቃጥዬ ነበር» አሉ። ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም። «ምንም አልጠቀመኝ።»

ዞረው ካርታውን ለሄኖክ መለሱለት። «በውዝ!» አሉ። የወታደር ትእዛዝ ነበር።

ሄኖክ ግራ ተጋብቶ በወዘ። መጀመሪያ በፍርሃት፣ ቀጥሎ እንደ ልማዱ። ካርታው ተዘረጋ፣ ታጠፈ፣ በአየር ላይ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ከሻምበል ሽፈራው ከንፈር አንድ ነገር ወጣ። ንግግር ያልሆነ፣ ልቅሶም ያልሆነ፣ ቀጭን ድምፅ።

ፉጨት ነበር።

ገሊላ የማድ ቤቱን በር ያዘች። መጋረጃው ትዝ አላት፤ የቀትሩ ሙቀት፣ ባዶ እግሯ። ስትፈልገው የኖረችው ድምፅ ይህ ነው። ያን ዕለት ካርታው ከተቃጠለ በኋላ አባቷ ብቻቸውን ያፏጩት ዜማ።

ዜማው አይቸኩልም፣ አይለምንም። የሞትን ፊት እያየ የሚቀልድ ሰው ዜማ ነው። የሄኖክ እጆች ተከተሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሌባም፣ የለማኝም፣ የመነኩሴም እጆች አልመሰሉም፤ የራሱ እጆች ነበሩ። ድንገት አንዲት ካርታ አመለጠችውና መሬት ላይ ወደቀች። ካርታ ሲያመልጠው ገሊላ አይታ አታውቅም።

«ይቅርታ ሻምበል፣ እጄ …»

ሻምበሉ ይስቁ ነበር። እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ ይስቁ ነበር።

«ኤልሳዕም ይህንኑ እያፏጨ እዚህች ላይ ሲደርስ ያመልጠው ነበር» አሉ። «ሁልጊዜ እዚህች ላይ! እኛም በሳቅ እንሞታለን። መድፉ ከላይ ያጓራል፣ እኛ እንስቃለን።»

ገሊላ መጥታ ከአጠገባቸው ቆመች።

«አባዬ፣ ማጀቢያው ይሄ ነው።»

«የምን ማጀቢያ?»

«የቪዲዮው። ሄኖክ ሲፈልገው የነበረው። ከእርስዎ ዘንድ ነበር።»

ሻምበሉ እንደ ተነቃበት ሰው ዙሪያቸውን ተመለከቱ። «አላደርገውም! ሻምበል ሽፈራው በሽምግልናው አፏጨ ሊባል? ያውም በጾም!»

«ሰምተንሃል እኮ» አሉ ወይዘሮ አበበች ከማድ ቤቱ ደጃፍ። «ጎረቤትም ሰምቷል።»

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ!»

«አባዬ» አለች ገሊላ ቀስ ብላ። «ይህን ዜማ ከእርስዎ ሌላ የሚያውቀው ማን አለ?»

«ማንም።» ሻምበሉ እሳቱን አዩ። «ከዚያ ምሽግ የወጣን ጥቂት ነን፤ እነሱንም መድኃኔዓለም ወስዷቸዋል።»

«እንግዲያስ እርስዎ ያለፉ ዕለት ኤልሳዕ እንደገና መሞቱ ነው።»

ፀሐይዋ ከሐኪም ጋራ ትከሻ ወርዳለች። ከጁገል በኩል የመግሪብ አዛን ተነሣ፤ አብዱልፈታ ይሄኔ ለማፍጠር ቴምሩን አንሥቷል። ገሊላ አባቷን አላየችም፤ ሄኖክን አየችው። እሱም አያት። ትናንት የነፈገችው ዐይን ዛሬ ሳይለምን መጣለት፤ በትናንቱ ዝምታ ውስጥ የሰማው ሁሉ ስሕተት እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባው።

ሻምበሉ ጎንበስ ብለው የወደቀችውን ካርታ አነሡ። አቧራዋን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉና ለልጃቸው ሰጧት።

«ስጪው።»

ገሊላ ካርታዋን ዘረጋች። ሄኖክ ሲቀበላት ጣቶቻቸው ተገናኙ፤ በአባቷ ፊት፣ በአባቷ ትእዛዝ። ሁለቱም ለመልቀቅ ዘገዩ። ሻምበሉ ያዩትን እንዳላዩ ሆነው እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሱ።

«ሽማግሌ የሚላከው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው» አሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው።

«እሺ ሻምበል» አለ ሄኖክ።

«ያ የቪዲዮው ነገርም ከፋሲካ በኋላ ነው። በጾም አይሆንም።»

«እሺ።»

«ቤት ውስጥም አይሆንም። እዚሁ ግቢ። መጨረሻው ላይ ስሙን ትጽፉታላችሁ፤ የኔን ሳይሆን የኤልሳዕን።»

«እሺ አባዬ» አለች ገሊላ።

«ካርታዋ የምትወድቅበትን ቦታ ደግሞ እንዳትቆርጡት።»

«አንቆርጠውም።»

ሻምበል ሽፈራው እንጨቱን እሳቱ ውስጥ ጣሉት። ጢማቸውን ጠረጉ፤ እንደ ድሮው ትከሻቸውን ቀጥ አድርገው ቆሙ።

«እንግዲያስ አፏጫለሁ» አሉ።